ከባዱ ማርሽ

«ይሄን የአሮጊት ማርሽ ከልጄ ብስክሌት ላይ አውርጂልኝ!» አለ አባቴ፣ ገና የሱቁን በር ሳያልፍ።

እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ግራሶ ነው። የእህቴን ብስክሌት መስቀያው ላይ ሰቅዬ፣ የኋላ ጎማውን አውጥቼ፣ አዲሱን ማርሽ እያጠበቅኩ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም። ቀና ብል መፍቻውን እወረውርበት ነበር። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮሃል፤ እኔ ዕቃ እወረውራለሁ። የሱቁ ግድግዳ ይመስክር።

«አባዬ፣ ነገ የምትወጣው ዳገት ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው የዳገት ማርሽ ያስፈልገዋል። ምኑ ነው ያልገባህ?»

«እኔ በምን ነበር የወጣሁት?»

ይኸው መጣች! ይቺ ጥያቄ እኛ ቤት ውስጥ ከእኔ በፊት የተወለደች ናት። አባቴ በወጣትነቱ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ዳገቱን ሁሉ በከባድ ማርሽ ነው የወጣሁት እያለ አሳድጎናል። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜው፣ ማታ ማታ ከሱቁ ተነስቶ ቤታችን ድረስ ያለውን አቀበት በብስክሌቱ ይወጣዋል። ፊት ለፊታችን ያለው ፀጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ደጅ ወጥቶ፣ ወንበር ላይ ላለው ደንበኛው «ብረት! ጋሼ እኮ ብረት ነው!» ይላል። አባቴም ያልሰማ መስሎ ይሰማል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ብስክሌት ላይ ከኋላ ያለው ማርሽ ትንሽ ሲሆን ፔዳሉ ይከብዳል፣ አንዴ ስትረግጠው ግን ሩቅ ይወስድሃል። ለሜዳ ነው፣ ለቁልቁለት ነው። ማርሹ ትልቅ ሲሆን ፔዳሉ ይቀላል፤ እግር ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ጉልበት ያርፋል። ለዳገት ነው። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ነውርም የለበት፣ ጀግንነትም የለበት። አባቴ ግን ከባዱን «የሰው ማርሽ»፣ ቀላሉን «የአሮጊት ማርሽ» ብሎ ሰየማቸው። ስም ካወጣ ደግሞ አለቀ፤ ቢሞት አይመለስም።

በዚህ ቤት ከልጆቹ መጀመሪያ የተወዳደርኩት እኔ ነኝ። ያሠለጠነኝም እሱ ነው። ዳገት ስንወጣ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር የሚሆነው። «ከፊትሽ ብሆን ነፋሱን እከልልልሽና ሰነፍ ትሆኛለሽ» ይል ነበር። እና ከኋላዬ ሆኖ «ግፊ! ግፊ! እኔ ሽማግሌው እየወጣሁ አይደል?» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ስለው «ሕመም የሚባል የለም፣ ስንፍና ነው» አለኝ። እኔም የአባት ቃል ነው ብዬ ገፋሁ። አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት እጠግናለሁ እንጂ አልጋልብም።

አሁን ደግሞ ተራው የእህቴ ሆነ። «ቁንጫ» ነው የምንላት፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ ደግሞ አትቀመጥም። ሰሞኑን የግራ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ጨብጦ፣ አጥፎ፣ ዘርግቶ ካየው በኋላ ጥርት ባለ አማርኛ «በከባድ ማርሽ ዳገት መውጣት ካላቆምሽ ሁለተኛ አትወዳደሪም» አላት። በማግስቱ ደግሞ የብስክሌት ክለቡ መምረጫ ፈተና ነበር። ክለቡ የሚወስደው አንዲት ልጅ ብቻ ነው። የተመረጠችው እዚያው ክለቡ ግቢ ትኖራለች፤ አሠልጣኝ አላት፣ ሐኪም አላት፣ የምትበላውም የምትተኛውም ተለክቶ ነው። ለቁንጫ ይሄ ማለት ከአባቴ «ግፊ!» መገላገል ማለት ነበር። አፍ አውጥታ አትለውም እንጂ እኔ አውቃለሁ፤ የናፈቃት ያ መገላገል ነው።

ስለዚህ ቀየርኩላት። የኋላውን አውጥቼ የሳህን ያህል የሚሰፋውን ገጠምኩ። የፊቱንም አነስ ባለ ለወጥኩት፤ ከፊት ሲያንስ ነው የሚቀለው። ካቴናውን አስረዘምኩት፤ ትልቅ ማርሽ ገጥሞ ካቴና የማያስረዝም ሰው የማርሽ መቀየሪያውን ከነሥሩ ያስነቅላል። በመጨረሻ መቀየሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አስተካከልኩ። ይቺ ብሎን ካቴናው ወደ ትልቁ ማርሽ ሲሄድ እስከ የት እንደሚሄድ የምትወስን ናት፤ ከልክ በላይ ካጠበቅሃት ካቴናው ትልቁ ላይ አይደርስም። አስተካክዬ ስጨርስ እንደ ልማዴ በቀይ የጥፍር ቀለም ከብሎኗ ራስ እስከ አካሉ ቀጥ ያለች መስመር አሰመርኩባት። መስመሯ ከተሰበረች ሰው ነክቷታል ማለት ነው። ቁንጫ ይሄን ምልክት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አባቴ ቆሞ ሁሉንም አየ። ከዚያ «እሺ፣ እንዳልሽ» አለ።

አባቴ እሺ አለ! እኔ ጅሏ ደግሞ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከዳገቱ ሥር ተሰበሰብን። ቁንጫ ተሟሙቃ መጣች፤ ማርሹን ሁሉ ሞክራዋለች፣ እንደ ቅቤ ነው አለችኝ። አባቴ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ኪሱ እሱ ትንሽ ካቻቢቴ ይሰካል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። «ብስክሌቷን እኔ ልያዝላት፣ አንቺ ቁጥሯን ጀርባዋ ላይ አያይዢላት» አለኝ። አያያዝኩላት። መርፌ ቁልፉ ጠማማ ነበር፣ ታገልኩት። ቁንጫ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ «እትዬ፣ ዛሬ እወጣዋለሁ» ትለኝ ነበር። ዘወር ስል አባቴ ብስክሌቱን በመሀረብ እየወለወለ ነው። እንዴት ያለ አባት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ምነው ሆዴን በቆረጠኝ!

ቤተሰቡን የክለቡ መኪና ጭኖ ዳገቱ እጅግ ወደሚከፋበት መታጠፊያ ወሰደን። አባቴ አጠገቤ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ከታች ብቅ አሉ። ቁንጫ ከፊት ከነበሩት ሦስቱ ውስጥ ናት። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች ማርሽ ቀየሩ፤ እግራቸው ፈጠነ። ቁንጫም ቀየረች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ካቴናው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ደገመችው። እንደገናም። ምንም። ኮርቻዋን ለቃ ቆማ መርገጥ ጀመረች። ፔዳሉ ሊወርድላት አልቻለም፤ ግራ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ከቆምኩበት ይታየኛል። ያ የእኔ መንቀጥቀጥ ነው! አውቀዋለሁ!

«ወደ ትልቁ ቀይሪ!» ብዬ ጮህኩ።

«እምቢ አለኝ እትዬ!»

«ተይው! ግፊ!» አለ አባቴ። «እንዲያ ነው! ግፊ የኔ ልጅ!»

ዘወር ብዬ ፊቱን አየሁት። ደስ ብሎታል። ልጁ ዳገት መሀል ላይ ጉልበቷ ሊበጠስ ነው፣ እሱ ደስ ብሎታል! ከፊቱ ወደ ኪሱ አየሁ፣ ከኪሱ ወደ ፊቱ። ያኔ ገባኝ።

«ምን አደረግካት?»

«ምንም። ሰው አደረግኳት።»

ቆሽቴ አረረ። አንድ ነገር ልወረውር ፈለግሁ፣ እጄ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ቁንጫ ደግሞ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ ጎማዋ ጎንበስ አለች፤ ቀይዋን መስመር ፈልጋ ነው። አየቻት፤ ተሰብራለች። ፍሬን ያዘች፤ ቆመች።

«አትውረጂ!» አባቴ ጮኸ። «ዳገት ላይ አይወረድም!»

ወረደች። ብስክሌቷን እየገፋች ወደ እኛ መጣች። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ወዲያው ሰበሰብኩት፤ በፈተናው ሕግ ከጋላቢው በስተቀር ማንም ብስክሌቱን መንካት አይችልም። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። በቀጥታ አባቴ ፊት ቆማ መዳፏን ዘረጋች።

«ካቻቢቴህን ስጠኝ።»

«የምን ካቻቢቴ?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውን።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። የሌሎቹ ልጆች እናቶች፣ አባቶች፣ የክለቡ ሹፌር። አባቴ ሳቅ ሊል ሞከረና አፉ እምቢ አለው። ቁንጫ መዳፏን አላጠፈችም። ላቧ ከግንባሯ እየወረደ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከኋላ የነበሩት ልጆች እያለፏት ነው፣ እሷ ግን ቆማለች። አባቴ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ተንበርክካ ብሎኗን ፈታች፤ ቀይዋ መስመር ስትገጥም አቆመች። ካቻቢቴውን ለእሱ አልመለሰችለትም፤ እጄ ውስጥ አስቀመጠችውና ብስክሌቷ ላይ ወጣች። አሁን ካቴናው ታዘዘላት። ትልቁ ላይ ሲወጣ ሰማሁት። ኮርቻዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን እንደ ልብስ ስፌት መኪና እያሽከረከረች፣ ያለፏትን አንድ በአንድ እየለቀመች ወጣች። እኔ እንባዬ እየወረደ «በርቺ!» እያልኩ ነው።

ሁለተኛ ሆነች። ክለቡ የሚወስደው አንዲት ብቻ ነው ብያለሁ።

የክለቡ መራጭ ኮፍያ ያደረገች፣ ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ ሴት ናት። ወደ ቁንጫ መጥታ «ምን ሆነሽ ነው መታጠፊያው ላይ የቆምሽው?» አለቻት።

«ማርሼ ተበላሽቶ ነው።»

«የሚሠራልሽ ማነው?»

ግራሶው ጥፍሬ ሥር ነው፣ ማን መሆኑ ያስታውቃል። መራጯ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «እንዲህ ያለ አቅም ይዘሽ በእንዲህ ያለ ሠራተኛ! መካኒክሽን ቀይሪ» ብላ ሄደች።

አባቴ እዚያው አጠገቤ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። አንዲት ቃል፣ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም! አፌን ከፈትኩ፣ ልናገር ነው፣ ለመራጯም ለእናቶቹም ለዳገቱም። ቁንጫ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘችኝ። «እትዬ፣ ተይ። በሰው ፊት አባታችን ነው።» ዋጥኩት። የዋጥኩት ግን አልወረደልኝም።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ነበርን። ቁንጫ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ገባ። ብስክሌቱን እየነዳ መጥቶ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ከግድግዳው አስደግፎ እንደ ሁልጊዜው በአሮጌ አንሶላ ሸፈነው። የእሱን ብስክሌት ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ዘይት ይቀባል፣ ማንም አይነካበትም። እንደ አባት መኝታ ቤት ነው፣ ሳያንኳኩ አይገባበትም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ትናንት ከቁንጫ ብስክሌት ላይ ያወረድኩትን ከባዱን ማርሽ አነሳ፣ በእጁ መዘን አደረገው።

«ይሄን መልሺላት። ከነገ ጀምሮ እንደገና እናሠለጥናታለን» አለ።

«እናሠለጥናታለን?» አልኩት። «ማን ነው እኛ? ዛሬ የሠራኸውን ረሳኸው? ቦታዋን እኮ ነው ያሳጣሃት!»

«ያሳጣት መውረዷ ነው። እኔ በዕድሜዬ ዳገት ላይ ወርጄ አላውቅም።»

«እንዲህ ከወደድከው ለራስህ ልግጠምልህ!» ብዬ ማርሹን ከእጁ ነጠቅኩት። ወደ ብስክሌቱ ሄድኩና አንሶላውን ሳብኩት።

«እንዳትነኪ!»

አባቴ ሲጮህ ኖሯል፤ ሲፈራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ይሄ የፍርሃት ድምፅ ነበር። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከኋላ የተገጠመው ማርሽ የሳህን ያህል ነው። ለቁንጫ ከገጠምኩላት ይበልጣል! የአሮጊት ማርሽ፣ የአሮጊቶች ሁሉ እናት! ትንንሾቹ ማርሾች ስላልተነኩ ገና ያብረቀርቃሉ፤ ትልቁ ግን ጥርሱ ሁሉ ተበልቶ ሾሏል። ብረት እንዲህ የሚበላው በአንድና በሁለት ዓመት አይደለም። ደግሞ ሥሪቱን አወቅኩት። ይሄ ዓይነቱ ከገበያ የጠፋው እኔ ገና ስወዳደር ነው፤ ለደንበኛ ፈልጌ ያጣሁትን አስታውሳለሁ።

እኔ ስወዳደር!

ያኔ ከኋላዬ የሚሄደው ለምን እንደነበር ገባኝ። ከፊቴ ቢሆን እግሩን አየው ነበራ! እሱ በቀላሉ እያሽከረከረ፣ እኔን በከባዱ «ግፊ፣ ሽማግሌው እየወጣሁ አይደል» ይለኝ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አባቴ ለራሱ የሳህን ያህል ቆርሶ ለእኔ የሣንቲም ያህል ሰጠኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«አባዬ!»

ቁንጫ ከጥግ ተነስታ መጣች፣ በረዶው ከጉልበቷ ላይ ወድቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሷም አየችው። አባቴ ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ።

«ጉልበቴን ያመኝ ነበራ!» አለ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለእኔ፣ ጉልበቴን ያመኝ ነበራ አለ። ምን ይጠየቃል እንደሚል ሰው። ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ መፍቻውን አንስቼ ወረወርኩት። በጆሮው ጎን አልፎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆርቆሮ መታ፤ የተሰቀለ ዕቃ ሁሉ ወረደ።

«የእኔንስ?» ብዬ ጮህኩ። «የእኔን ሲያመኝ ምን ነበር ያልከኝ?»

የመለሰችው ቁንጫ ናት። «ስንፍና ነው ብለሃታል» አለችው፣ ሳትጮህ። «እኔንም።»

የእሱን ብስክሌት መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። አልከለከለኝም፤ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን እያየ ነበር። የተበላውን ማርሽ አውጥቼ ከባዱን ገጠምኩለት። ንዴቴ ልክ አልነበረውም፣ ግን ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ፤ ካቴናውን በልኩ አሳጠርኩ፣ መቀየሪያውን አስተካከልኩ፣ ቀይ መስመሬንም አሰመርኩ። አወረድኩና መሪውን አስያዝኩት።

«ይኸው የሰው ማርሽ። ቤትህ ግባበት።»

ወጣ። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ጥቂት ደጃፎች እንዳለፈ ቆሞ መርገጥ ጀመረ፣ ከዚያ ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ዋዠቀ፣ ከዚያ እግሩን መሬት አስነካ። ግራና ቀኝ አየ። ፀጉር ቆራጩ እንደ ልማዱ መቀሱን ይዞ ደጅ ወጥቶ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ በእግር? ጎማ ተነፈሰ እንዴ?»

«አዎ፣ ጎማ ነው» አለ አባቴ።

«ጎማው ደህና ነው!» ብዬ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ ጮህኩ። መንገዱ ሁሉ ሰማኝ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ለፀጉር ቆራጩ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» አለው።

አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር፤ አልራሰም። የእኔ ጉልበት ያው ነው፣ የቁንጫም ቦታ በሌላ ልጅ ተይዟል። ግን «ና ተመለስ» አላልኩትም።

ቁንጫ ከኋላዬ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ጎማው የደረጃውን ጠርዝ ሲነካ ያዝኩላት። ኮርቻዋ ላይ ወጥታ ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀየረች፣ ካቴናው እሺ ብሎ ወጣላት። አቀበቱን ቀስ ብላ፣ ሳትቆም፣ ከኮርቻዋ ሳትነሳ ወጣችው። አባቴ ጋ ስትደርስ ብስክሌቱን እየገፋ ነበር፤ ቀና አለ፣ ትቆምልኛለች ብሎ ነው መሰል።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዬ እንዳትመጣ!» አለችውና አለፈችው።

እኔም ወደ ውስጥ ተመልሼ ያን ጥርሱ የተበላ ማርሽ አነሳሁ፤ ከሱቁ በር በላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። እስካሁን እዚያው ነው። አባቴ በገባ በወጣ ቁጥር ያየዋል። አንድ ቀንም አውርጂልኝ ብሎኝ አያውቅም።